የእገሌ እናት ስማቸው ማን ነው?



በአካባቢያችን አንዲት ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ በስሟ የሚጠራት ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። በአማርኛ «የእገሌ እናት»፣ በኦሮምኛ «ሃዸ እገሌ» ትባላለች፤ ዐረብኛ የቀራ ሰው ደግሞ «ኡሙ እገሌ» ይላታል። ይህ የአክብሮት አጠራር ነው፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያቺ ሴት ወደ አኺራ ከሄደች ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪኳን የሚፈልግ ሰው የመጣ እንደሆነ ችግሩ ይገለጣል። ጎረቤት ሲጠየቅ «የእገሌ እናት ነበሩ» ብሎ ያቆማል። እገሌ ደግሞ ከተማውን ለቆ ሄዶ ከሆነ ክሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። በዚህ ጽሑፋችን ልናነሳ የፈለግነው የዚህን ክር ነገር ሲሆን፣ ለዚህ ያነሳሳን ደግሞ የአንዲት የሴቶች ጋዜጣ አዘጋጅን ሕይወት ለማወቅ ያደረግነው ፍለጋ ነው።

የምናስተምረው በዓለም ጤና ነው። ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ በኩል ወደ መቂና ወደ ባቱ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጣት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጫንባት ከተማ ናት። እኛም ልጅነታችንን ግማሹን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሹን በመድረሳ አሳልፈን ያደግን ነንና ከሁለቱም የቀሰምነውን ለተማሪዎቻችን ለማካፈል እንሞክራለን። በትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የግድግዳ ጋዜጣ አለ። ከዓምዶቹ አንዱ የሴቶች ዓምድ ሲሆን የምታዘጋጀው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለአንድ እትም «ስለ ቀደምት ሴት ጋዜጠኛ ጻፉ» ብለን ሥራ ሰጠን።

በሀገራችን ይህ ጥያቄ ሲነሳ በቅድሚያ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከመጀመሪያዎቹ የሴት ድምፆች መካከል የነበሩት የወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሳሁን ስም ነው። ብዙዎቹ ልጆች እሳቸውን መረጡ፤ መልካም አደረጉ። አዘጋጇ ግን አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። «መምህር፣ ከሙስሊም ሴቶችስ ጋዜጣ ያዘጋጀች ቀድሞ ነበረች?» አለችን። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እሱን ለመመለስ ግን አዳማ ድረስ ወርደን መጻሕፍት ማገላበጥ፣ በእጅ ስልካችንም ከዐረብኛውና ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ስንፈልግ ማምሸት ነበረብን። የደረስነውም እጅግ ሩቅ ከሆነ አገር ነው፤ ከሕንድ ክፍለ አህጉር፣ ከላሆር ከተማ።

ሴትዮዋ ሙሐመዲ ቤገም ይባላሉ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1878 በፑንጃብ፣ ሻህፑር በምትባል ስፍራ ነው። በዚያ ዘመን የሸሪፍ ቤተሰብ ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ መማር የማይታሰብ ነበር፤ እሳቸውም የተማሩት በቤት ውስጥ ነው። ታላቅ እህታቸው አግብታ ስትርቅ ደብዳቤ ሊጽፉላት ሲሉ የኡርዱን ጽሕፈት እንደተማሩ ይነገራል። ይህን ስናነብ ቆም አልን። በእኛም አገር ስንቱ እናት ነው ዓረብ አገር ለሄደች ልጇ መልእክት ለመጻፍ ስትል በጎልማሳነት ዕድሜዋ ፊደል የቆጠረች!

እ.ኤ.አ. በ1897 ሰይድ ሙምታዝ ዐሊን አገቡ። እኚህ ሰው በዴዎባንድ መድረሳ የቀሩ፣ እንግሊዝኛም የተማሩ ዓሊም ነበሩ። የመጀመሪያ ባለቤታቸው ሞተውባቸው ሁለት ልጆች ይዘው ነበርና ሙሐመዲ ቤገም እነዚያን ልጆች ማሳደግ ያዙ። ባልየው ደግሞ በበኩላቸው ሚስታቸውን ዐረብኛና ፋርስኛ አስተማሯቸው። ባልና ሚስቱ በአንድ ነገር ተስማሙ። የሙስሊም ሴት ችግር የሃይማኖቷ ሳይሆን ሃይማኖቷ የሰጣትን ሐቅ ያለማወቋ ነው፤ ስለዚህ ከቤቷ ድረስ የሚገባ ጋዜጣ ያስፈልጋታል አሉ።

በእኛ አቆጣጠር 1890 ዓ.ም. ላይ፣ ማለትም ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1898 «ተህዚቡን ኒስዋን» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ በላሆር መታተም ጀመረ። ትርጉሙን «የሴቶች መታነጽ» ልንለው እንችላለን። አዘጋጇ ሙሐመዲ ቤገም ሲሆኑ ዕድሜያቸው ገና 20 ዓመት ነበር። በሕንድ ሙስሊሞች ዘንድ ለሴቶች የሚወጣ ጋዜጣን ያዘጋጁ የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሴት ተብለው የሚጠቀሱትም እሳቸው ናቸው።

አቀባበሉ መራራ ነበር። ባልና ሚስቱ ጋዜጣውን ለማስተዋወቅ ሲሉ ለታወቁ ሰዎች በነፃ ይልኩላቸው ነበር። ከተላከላቸው አንዳንዶቹ የብልግና ስድብ ጽፈውበት መልሰው ልከውታል። ከሦስት ወር በኋላ የደንበኞቹ ቁጥር ከ60 እስከ 70 ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንኳ ከ300 እስከ 400 ብቻ እንደደረሰ ተጽፏል። አንድ ነጋዴ ይህን ቢሰማ «ሱቁን ዝጉት» ይላቸው ነበር። እነሱ ግን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ስለ ባልየው አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ሙምታዝ ዐሊ ስለ ሴቶች ሐቅ፣ ቁርኣንንና ሐዲስን መሠረት አድርገው «ሑቁቁን ኒስዋን» የተባለ ኪታብ ጽፈው ነበር። ረቂቁን ይዘው እጅግ ወደሚያከብሯቸው የዐሊጋር ኮሌጅ መሥራች ወደ ሰር ሰይድ አሕመድ ኻን ሄዱ። ሰር ሰይድ ለወንዶች ዘመናዊ ትምህርት ዕድሜያቸውን የሰጡ ታላቅ ሰው ናቸው። ሆኖም የሴቶቹን ጉዳይ ሲያነቡ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ረቂቁን ቀደው ከቆሻሻ ቅርጫት ጣሉት። ሙምታዝ ዐሊ ሽማግሌው ከክፍሉ ሲወጡ ረቂቁን ከቅርጫቱ አንስተው ወሰዱት። አልተጨቃጨቁም፤ አላቃለሏቸውም። ኪታቡን ያሳተሙት ሰር ሰይድ እ.ኤ.አ. በ1898 ካረፉ በኋላ ነው። ትልቅን ሰው ሳያዋርዱ ሐቅን አለመተው እንዴት እንደሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

ወደ አዘጋጇ እንመለስ። በዚያ ጋዜጣ ላይ ምን ይወጣ ነበር? የቤት አያያዝ፣ የምግብ አሠራር፣ የልጅ አስተዳደግ፣ የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት፣ የሴት ልጅ ትምህርት ጉዳይና የአንባብያን ደብዳቤ ይወጡበት ነበር። አንዳንድ ሰው «የወጥ አሠራርና የልጅ ነገር ነው፤ ይህ ምን ጋዜጣ ይባላል?» ብሎ ሊንቅ ይችላል። ልብ ብለን ስናስተውል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከቤት የማትወጣ አንዲት ሴት በአንድ ከተማ ተቀምጣ የጻፈችውን ደብዳቤ፣ በሌላ ከተማ ያለች፣ እሷም ከቤት የማትወጣ ሴት ታነበዋለች፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ትመልስላታለች። ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ያገናኘቻቸው አዘጋጇ ናት።

ታዲያ እነዚያ ጸሐፊዎች በምን ስም ይጽፉ ነበር? ብዙዎቹ በገዛ ስማቸው አልጻፉም። «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሌ እናት» እያሉ ነው የፈረሙት። ከእነሱ አንዷ ለረጅም ጊዜ «ቢንት ነዝሩል ባቂር»፣ የነዝሩል ባቂር ልጅ፣ በሚል ይጽፉ ነበር። በኋላ ሙምታዝ ዐሊ «ፉል» የተባለውን የልጆች መጽሔት ሲያቋቁሙ የመጀመሪያዋ አዘጋጅ እሳቸው ሆኑ። ካገቡም በኋላ ነዝር ሰጃድ ሐይደር ተብለው የታወቁ ደራሲ ለመሆን በቁ። የአባታቸውን ስም እንደ ጥላ ይዘው ገብተው የራሳቸውን ስም ይዘው ወጡ ማለት ነው። ደጉ የሴቶች ዓምድ አዘጋጅ ሥራው ይህ ይመስለናል፤ ያፈረውን ሰው አስገድዶ አያጋልጥም፤ ጥላ ይሰጠዋል፤ ሲበረታም ቦታ ይለቅለታል።

ሙሐመዲ ቤገም ከጋዜጣው ሌላ ልብ ወለዶችንና የቤት አስተዳደር መጻሕፍትን ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1908፣ በ30 ዓመታቸው ሲምላ ላይ ወደ አኺራ ሄዱ። ጋዜጣው ግን አልሞተም። ካሳደጓቸው የባላቸው ልጆች መካከል ሴቷ ቀጠለችበት፤ ከዚያም በ1900 የተወለደው የራሳቸው ልጅ ኢምቲያዝ ዐሊ ታጅ ተረከበው፤ በጠቅላላው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። የ10 ዓመት ሥራ ለ50 ዓመት ስንቅ ሆነ።

በዚያው ዘመን በግብፅ ሌላ ሴት ነበሩ። መለክ ሒፍኒ ናሲፍ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1886 ካይሮ ተወለዱ። እንደ እኛው መምህርት ነበሩ። በ1907 የፈዩም በደዊ አለቃ አግብተው ወደ በረሃው ዳር ሄዱ። ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳላቸው ያወቁት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ይህን ሐዘን ይዘው ዝም አላሉም። «ባሒሠቱል ባዲያ» ማለትም «የበረሃዋ ተመራማሪ» በሚል የብዕር ስም «አል ጀሪዳ» በተባለው ጋዜጣ ላይ «ኒሳኢያት» የሚል ዓምድ መጻፍ ጀመሩ። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ፍቺ፣ ፍትሕ በሌለበት ሁለተኛ ስለማግባት፣ ስለ ሴቶች ትምህርት ጻፉ። ጽሑፎቹ በ1910 በመጽሐፍ መልክ ታተሙ። በ1911 ለግብፅ ጉባዔ 10 ነጥብ ያለው ጥያቄ አቀረቡ። ሴት ልጆች ቁርኣንንና ትክክለኛውን ሱና እንዲማሩ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትም ለሴቶች ሁሉ እንዲዳረስ ጠየቁ። በጉባዔው ላይ ጥያቄያቸውን ያነበበላቸው ወንድ ነበር። በ1918 ገና በወጣትነታቸው አረፉ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በሕይወት ሳሉ በጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ ይለዋወጧቸው የነበሩት ጸሐፊ መይ ዚያዳ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው አሳተሙ። ዛሬ መለክን የምናውቃቸው ጓደኛቸው ፈጥነው ስለጻፉላቸው ጭምር ነው።

ከእነዚህ ሁለት ሕይወቶች አንድ ነገር ተገነዘብን። የአዘጋጅ ሕይወት የሚገኘው ስለ እሷ ከተነገረው ወሬ ይልቅ ካዘጋጀችው ገጽ ውስጥ ነው። የማንን ደብዳቤ እንዳወጣች፣ ለማን ምን ብላ እንደመለሰች፣ ስድብ ሲደርሳት ምን እንዳደረገች ገጹ ይናገራል። ነገር ግን ገጹ ተጠብቆ ቢቀር እንኳ ስም ከሌለበት ለማን ብለን እንመሰክራለን?

አንዳንድ ወንድሞች «የሴት ስም በአደባባይ መጻፉ ለዲናችን አይመችም» ሲሉ እንሰማለን። በአክብሮት የምንጠይቃቸው አንድ ነገር አለ። የሐዲስ ኪታቦቻችንን ይክፈቱ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) 2210 ሐዲስ እንዳስተላለፉ ዑለማዎች ቆጥረዋል፤ ያም ሁሉ በስማቸው ነው የተጻፈው። በመካ ሶሒሕ አል ቡኻሪን ያስተምሩ የነበሩት ከሪማ አል መርወዚያ፣ በ463 ዓ.ሂ. ያረፉት፣ ስማቸው በታላላቅ የሐዲስ ማብራሪያዎች ውስጥ እስከ ዛሬ «የከሪማ ዘገባ» እየተባለ ይጠቀሳል። በ902 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢማም አስ-ሰኻዊ የ9ኛውን ክፍለ ዘመን ሂጅሪያ ሰዎች ታሪክ በ12 ቅጽ ሲጽፉ የመጨረሻውን ቅጽ ለሴቶች ብቻ ሰጥተው ከ1000 በላይ ሴቶችን በስም፣ በአባት ስም፣ ከማን እንደቀሩ ጭምር መዝግበዋል። ሰነድ ያለ ስም አይቆምም፤ ይህን ዑለማዎቻችን ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር። እንግዲያስ የሴትን ስም መደበቅ የመጣብን ከኪታቡ ሳይሆን ከልማዱ ነው።

ይህ ነገር በእኛው ግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተፈተነ። ያቺ የዓምዱ አዘጋጅ ስለ ሙሐመዲ ቤገም ያገኘነውን ከሰማች በኋላ ሁለተኛ ጽሑፍ አዘጋጀች። ጽሑፉ ስለ አያቷ ነበር። አያቷ በቤታቸው ግቢ ከሰፈሩ ሴት ልጆች ጋር ተቀምጠው አሊፍ ባ ያስቆጥሩ ነበር፤ ሉሑን ራሳቸው እየጻፉ፣ ክፍያ ሳይጠይቁ። ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት አባቷ መልእክት ላኩብን። «የልጄ ስም በየግድግዳው እንዲነበብ አልፈልግም፤ ይነሳ» አሉ።

አባት ስለ ልጁ መጨነቁ ሐቁ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ይዘን ከመግሪብ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድን። ሽንኩርት እየጫኑ የሚነግዱ፣ ሶላታቸውን የሚጠብቁ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። ቡና ተፈላ። እኛ ክርክር አልጀመርንም፤ ልጅቷ ጽሑፏን እንድታነብ ብቻ ፈቃድ ጠየቅን። አነበበች። የአያቷን ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው ስትጠራ አባት አቋረጧት። «የእናቴን አባት ስም ከማን ሰማሽ?» አሏት። «ከአክስቴ፤ አንተ ለጭነት ሄደህ ሳለ ጠየቅኳት» አለች። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «በዚህ ሰፈር እናቴን በስማቸው የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም የእኔ እናት እያለ ነው የሚጠራቸው» አሉ።

እኛም ያን ጊዜ አንዲት ነገር ብቻ ጨመርን። «ይህ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ሲወጣ አንባቢ ማን ጻፈው? ከማን ሰምቶ? ብሎ ይጠይቃል። እርስዎም ቀርተዋልና ያውቁታል» አልን። ሰውየው ሳቁ። «ሰነድ የሌለው ወሬ ነው ልትሉኝ ነው» አሉ። ረጅም ካወጋን በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው። የአያት ስም በሙሉ ይጻፍ፤ የልጅቷም ስም ከአባቷ ስም ጋር ከሥሩ ይቀመጥ፤ ፎቶግራፍ ግን እንዳይወጣ። ፎቶግራፉን በተመለከተ ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ እኛም አልገፋንም። የልጅ አባት እሳቸው ናቸውና።

ጽሑፉ በተለጠፈ ሳምንት ሁለት እናቶች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «እኛም ከእሳቸው ቀርተናል» አሉ። አንዷ አያትየው ሉሑን ከምን እንጨት ያሠሩ እንደነበር፣ የመጀመሪያዋ ተማሪ ማን እንደነበረች ነገረችን። ልጅቷ ሁሉንም በደብተሯ መዘገበች። ስማቸው ሳይጻፍ ቢቀር ኖሮ እነዚያ እናቶች ስለ ማን እንደተጻፈ በምን ያውቁ ነበር?

ውድ አንባብያን፣ የዚህን መጽሔት የቤተሰብ ገጽ የምትከታተሉ ሁሉ አንድ ሥራ እንድትሠሩ እንጠይቃችኋለን። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካሉ እናቶች አንዷን ምረጡ። ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ጻፉ። የት እንደተወለዱ፣ ከማን እንደተማሩ፣ ማንን እንዳስተማሩ፣ ምን እንደሠሩ ጠይቁ። ዓመቱን በቁጥር የማያውቁት እንደሆነ ከሚያስታውሱት ነገር ጋር አያይዙት። በአካባቢያችን ላለ ሰው የቆቃ ግድብ የተሠራበት፣ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ የፈነዳበት፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት የተለወጠበት ዘመን ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያም ይህን ከማን እንደሰማችሁ ከሥሩ ጻፉ። አንድ ነገር ከሁለት ሰው በተለያየ መንገድ ከሰማችሁ ሁለቱንም አስፍሩ። መድረሳ ያስተማረን ይህን ነው፤ የዘመናዊው የታሪክ ትምህርትም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እንዲናገሩ የተጠየቁት እናት «እኔ ምን ታሪክ አለኝ?» ማለታቸው አይቀርም። ሙሐመዲ ቤገምም ሲጀምሩ ለእህታቸው ደብዳቤ ለመጻፍ ፊደል የቆጠሩ አንዲት የቤት ልጅ ነበሩ። ስለዚህ አትመለሱ። ደብተሩን ክፈቱ፤ ከስማቸው ጀምሩ።

አላህ (ሱ.ወ) ያስተማሩንን እናቶች ሁሉ ይዘንላቸው፤ በሕይወት ያሉትን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።